ለቱርቦ ላንድክሩዘር የቱ ክራንክ ሻፍት ይሻላል? ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ

አዳማ ውስጥ 1ኤችዜድ የሚባለው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ሊያስገጥም ያሰበ ሰው ሞተሩን ካወረደ በኋላ ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ክራንኩን የቱን ልግዛ?» ክራንክ ማለት የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረው የሞተሩ ዘንግ ነው። መልሴን ልጻፈውና ልረፍ። ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። አዲስ ኮፒ አትግዙ። ገንዘብ የተረፈው ደግሞ አዲስ ኦሪጅናል ይግዛ፤ እሱን ማንም አይከለክለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን አስለኩ። 1ኤችዜድ ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣ ወንድም አለው፤ 1ኤችዲቲ ይባላል። የሁለቱም የፒስተን ምት 100 ሚሊሜትር ነው። 1ኤችዜድ ወደ 130 ፈረስ ጉልበት ሲሰጥ ባለቱርቦው ወደ 165 ይሰጣል። አሰላ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ እንዳይለግም ብቻ ተብሎ የሚገጠም መጠነኛ ቱርቦ ጤነኛ ክራንክ አይሰብርም። ሙቀቱ ካልተጠበቀ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ነው። ስለዚህ ክራንካችሁ ልኩ ላይ ካለ ምንም አትግዙ። መካኒኩ «ቱርቦ ከሆነ ግዴታ ይቀየራል» ካላችሁ፣ ለምን እንደሆነ በቁጥር ያሳያችሁ።

የእናንተው ካለቀ ወደ ዋጋው እንምጣ። ይህን ስጽፍ የተጠራልኝ እንዲህ ነበር። አዲስ ኦሪጅናል 270 ሺህ ብር። አዲስ ኮፒ 95 ሺህ። ከተፈታ ሞተር የወጣ ኦሪጅናል አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ 65 ሺህ ተብሎ፣ ተከራክረን 58 ሺህ ላይ ቆመ። ምንዛሬው በሐምሌ 2016 ገበያ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ ባለሱቁ ራሱ የትናንቱን ዋጋ ዛሬ አይደግመውም። ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ።

አሁን ደምሩ። ክራንኩ 58 ሺህ። ከአዲስ አበባ ማስጫኛ 1 ሺህ። ስንጥቅ ማስፈተሽና ማስላግ (የተበላውን በማሽን ሞርዶ ማስተካከል) 14 ሺህ። ደህና የጃፓን ብሮንዚና (ክራንኩ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ልባስ) ሙሉ ሴት 24 ሺህ። ድምሩ 97 ሺህ ብር። «ይኸው፣ ከኮፒው በለጠ» የሚል አይጠፋም። ኮፒውስ ያለ ብሮንዚና ሊሽከረከር ነው? 95 እና 24፣ 119 ሺህ። ሻጩ «ሳይነካ ቀጥታ ይገጠማል» ቢልም ማስለኪያ 3 ሺህ ጨምሩ። 122 ሺህ ደረሰ። ርካሽ የተባለው በ25 ሺህ ብር ተወደደ ማለት ነው።

ኮፒውን የምጠላው ግን በዋጋው ብቻ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ የገዛው ካርቶኑ ኦሪጅናል፣ የዘይት ወረቀቱ ኦሪጅናል የሚመስል፣ ቁጥር እንኳ የተመታበት ነበር። አብረቅርቆ ዓይን ይወጋል። ቶርኖ ቤት ወስደን ስናስለካው አንዱ የቢየላ አንገት (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ የሚታሰርበት ቦታ) ክብ አይደለም፤ ሞላላ ነው። ባለሱቁ አልመልስም አለ፣ ጓደኛዬም ቸኮለና አስገጠመው። ብዙ ሳይቆይ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ከሥር ሲከፈት ብሮንዚናው ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል። የክራንኩ አንገት ላይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበር። የላይኛው ቆዳ በደንብ ያልጠነከረ ብረት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ሻጩ ምን አለ? «ዘይት አጉድላችሁ ነው።» ሞተር እንደገና ማውረድ፣ ወደ 10 ሊትር አዲስ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ... ይህን ወጪ ማንም ከኮፒው ዋጋ ጋር ደምሮ አይነግራችሁም።

ያገለገለውም ቢሆን ዝም ብሎ አይገዛም። መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። አንገቱ አካባቢ ሰማያዊ ከሆነ ሞተር ነክሶ የጋለ ነው፤ ተዉት። በብየዳ ተሞልቶ የተላገም አለ፤ ለቱርቦ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ቀጥሎ በገመድ አንጠልጥሉትና በትንሽ መዶሻ መታ አድርጉት። ጤነኛ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ጎኑ ላይ ያለውን የቅርጽ መስመርም ተመልከቱ። ተቀጥቅጦ የተሠራው ሰፊ፣ የተሞረደ ጠባሳ አለው። ቀልጦ የፈሰሰው ቀጭን መስመር ብቻ ነው ያለው።

የስንጥቅ መፈተሻ ማሽን ካላገኛችሁ የድሮው ዘዴ አለ። ክራንኩን በደንብ አጥባችሁ ላምባ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ አድርቃችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ተመልሶ ጠመኔው ላይ መስመር ያወጣል። በተለይ አንገቱ ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ እዩ። ክራንክ የሚሰበረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ስለዚህ ጥግ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥሩውን ክራንክ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ላጊው ነው። ጥጉ ላይ ከፋብሪካ የተሠራ ክብ ጥምዝ አለ። ቸኩሎ የሚሠራ ባለሙያ ድንጋዩን እስከ ጥጉ ገፍቶ ስለታም ማዕዘን ይተዋል። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ላይ ያ ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት። መጠኑ ደግሞ ስታንዳርድ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ አንዴ ብቻ የተላገ፣ 0.25 ሚሊሜትር የቀነሰ። 0.75 የደረሰውን ለሌላ ሰው ተዉለት። የዘይት ቀዳዳዎቹንም በሽቦና በአየር ሳታስጠርጉ አታስገጥሙ፤ የላግ ዱቄት እዚያ ውስጥ ይደበቃል።

ከኮፒው ያዳናችሁትን 25 ሺህ አትብሉት። የፊት ፑሊው ላይ ያለውን ጎማ ተመልከቱ። የስድስት ሲሊንደር ክራንክ ረጅም ነው፤ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ይጠማዘዛል፣ ያንን ንዝረት የሚውጠው ያ ጎማ ነው። ደርቆ ከተሰነጠቀ ፑሊውን ቀይሩ።

አዲስ ኦሪጅናል የምመክረው መኪናው በየቀኑ ኪራይ ለሚወጣለት ሰው ብቻ ነው። ለእሱ ያገለገለ ሲፈለግና ሲፈተሽ ሁለት ሳምንት መቆም ራሱ የክራንኩን የዋጋ ልዩነት ይበላዋል።

ያገለገለውን ስትገዙ ደግሞ ሙሉውን አትክፈሉ። ቀብድ ስጡና «ስንጥቅ ከተገኘ ይመለሳል» የሚል ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።