እናቴን «አይነሱ» ሳትል ላራመደችልን አስታማሚ

ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ምስጋናዬን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ግን አልወጣልኝም። ሌላም ሰው ይስማልኝ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ለሌላ ሕመም ተኝታ በምትታከምበት ቦታ አዳልጧት ወደቀች። ኮሪደሩ ገና መወልወሉ ነበር። ምልክት የለ፣ «እርጥብ ነው» ያላት ሰው የለ። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው እግዚአብሔር ይመስገን ተሳካ።

ከባዱ ነገር የመጣው ቤት ከገባች በኋላ ነው። እሷም ፈራች፣ እኛም ፈራን። ትንሽ ከተንቀሳቀሰች «እማዬ አትነሺ!» እንላለን። ውሃውን እናቀርብላታለን፣ መነጽሯን እናቀብላታለን፣ ሁሉን ነገር እጇ ላይ። መውደዳችን ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ እግሯ ቀጥኖ ያለ ሰው ድጋፍ መቆም አቃታት።

አስታማሚዋ የመጣች ቀን መጀመሪያ የጠየቀችው «እማማ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ በየት በኩል ነው?» ብላ ነው። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ራሷ ሄደችበት። በዳበሳ። መሐል ላይ የኤክስቴንሽኑ ገመድ እግሯን ያዛት። ትንሽ አለፍ ብላ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ። እኛ በየቀኑ የምንረግጠው ምንጣፍ! በርከክ ብላ አነሳችውና በር ላይ አስቀመጠችው። የእናቴን ነጠላ ጫማ ገልብጣ ሶሉን አሳየችን፤ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ግዙላት አለችን። ገዛን።

በማግስቱ የደም ግፊቷን ተኝታ እያለች ለካችው። አስቆመቻትና በ1 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚያም በ3ኛው ደቂቃ ደገመችው። የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ወርዷል። እናቴ ስትነሳ «ዓይኔን ጭልም ይለኛል» የምትለው ለካ ለዚህ ነው። እኛ እርጅና ነው ብለን አልፈነው ነበር። መድኃኒቱን ግን እሷ አልነካችም። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ «ይሄን ለሐኪሟ ስጡት» አለችን። ሐኪሙ አይቶ አንዱን ኪኒን ቀነሰላት። የእኔ ሙሉ እምነት የጀመረው ከዚያ ቀን ነው። የማያገባትን አትነካም፤ የሚያገባትን ደግሞ አታልፍም።

ወንድሜ አንድ ጊዜ «ሽማግሌ መውደቁ ያለ ነው» ሲል ሰማችው። አልተቆጣችም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞት መገመቱን፣ ከሟቾቹም የሚበዙት በዕድሜ የገፉት መሆናቸውን ነገረችው። «ብዙውን ቀድሞ መከላከል ይቻል ነበር» አለችው። ወንድሜ ያን ቀን ነው መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ያስገጠመው።

የወለሉን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ እናቴን የሰበራት ወለል ነውና። እኛ ቤት ሳሙና እናበዛ ነበር። ሳሙና ሲበዛ ሲደርቅ እንኳን የሚያንሸራትት ነገር ወለሉ ላይ ይቀራል። አሁን ሳሙናው በልክ ነው፣ በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ኮሪደሩን ደግሞ ግማሽ ግማሹን አድርገን ነው የምንወለውለው፤ አንዱ ጎን እስኪደርቅ እናቴ በሌላው ታልፋለች። ይሄን ለማወቅ የተማረ ሰው አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስብ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር።

ምርኩዙንም አስተካከለችው። በተሰበረው እግሯ በኩል አስይዘናት ኖሯል! የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው። ቁመቱንም እጇን ወደ ታች ለቃ ቀጥ ብላ ስትቆም የእጅ አንጓዋ ጋ እንዲደርስ አድርጋ ቆረጠችው።

አልጋው ላይ ከፍ ያለ መከለያ እንግጠም ብለን ስንለምናት ግን እምቢ አለች። ሽንት የያዘው ሰው መከለያውን ሊዘለው ይሞክራል፣ ሲወድቅም ከከፍታ ይሆናል ብላ አስረዳችን። በምትኩ አልጋውን ዝቅ አደረገችው፣ ትንሽ የሌሊት መብራትና መጥሪያ ደወል አጠገቧ አኖረች፣ ከመኝታ በፊት መጸዳጃ ቤት መሄድን አስለመደቻት።

እናቴ ከዚያ በኋላ አንዴ ወድቃለች። የነገረችኝ ራሷ አስታማሚዋ ናት፣ ወዲያው ደውላ። ስትወድቅ ጎትታ አላነሳቻትም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን መትቷት እንደሆነ፣ አንገቷን፣ ዳሌዋን ያመማት እንደሆነ በዝግታ ጠየቀቻት። ምንም አለመሆኗን ስታረጋግጥ ወንበር አቀረበችላት። «በጎንዎ ይዙሩ። አሁን በእጅና በጉልበትዎ። ወንበሩን ይያዙ። ጠንካራውን እግር ያስቀድሙ።» እናቴ ራሷ ተነሳች። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ስለምትወስድ ግን ውስጥ ለውስጥ እንዳትደማ ሰግታ፣ ምንም ባይታይባትም በዚያው ቀን ሐኪም እንዲያያት አደረገች። ወድቃ መነሳት እንደምትችል ካየች በኋላ የእናቴ ፍርሃት ግማሹ ለቀቃት።

አሁን እናቴ በምርኩዟ ጓዳ ደርሳ ትመለሳለች። ጠዋት ስትነሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች፣ እግሮቿን ላይ ታች ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ ነው የምትቆመው። ልደግፋት ስጣደፍ «ቆይ፣ አትቸኩል» ትለኛለች።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅሽ ይባረክ።

ከሆስፒታል የወጣ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ቤታችሁ ካለ ይህችን ሰው ከልቤ እጠቁማችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ እወቁ፦ ቤተሰቡንም ታሠራለች። «ተኝተው ይዋሉ» የምትሉ ከሆነ አትስማሙም። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። እኛ ጋ ሥራዋ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ።