«ጋሼ፣ አሁን አልሸጥልዎትም» ላለችኝ እህት ምስጋና

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ስልኳን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ፈቅዳልኛለች።

ጉዳዩ ከአባቴ ወይራ ሥር ያለው ቦታ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወይራውን በእጁ ተክሎ ነው ያሳደገው። እናቴ ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን አስወጥታ እዚያ ትቀመጣለች። ጥላው እየከበደ ሲሄድ ሣሩ ጠፋ። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆነ፤ መሬቱ ወደ ቤቱ ስለሚያዘቀዝቅ ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ደጃፋችን ላይ ይቆልለው ነበር። አንድ ነሐሴ እናቴ እዚያ ጭቃ ላይ አዳልጧት ወደቀች። እግዚአብሔር ነው ያተረፋት። ሰው ፍለጋ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የመጀመሪያው ሰው ሣር አነጠፈልኝ። እንዲያ ባለ ጥላ ውስጥ ሣር እንደማይበረክት ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ገርጥቶ አለቀ። ሁለተኛው «ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ መሬት የሚያለብስ ቪንካ አለኝ» ብሎ በጥር ደረቅ ወር ተከለልኝ። ያበበው ሮዝ! ቀጥ ብሎ ቆመ እንጂ መሬቱን አላለበሰም፤ ብዙም ሳይቆይ እየቀጨጨ ሞተ። ስደውልለት አያነሳም። ገንዘቡስ ይቅር፤ እናቴ «ዘንድሮም አልሆነልንም?» ያለችኝ ቀን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጋቢት የደረቀውን ችግኝ ይዤ ወደዚህች እህት ሄድኩ። ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይህ የማዳጋስካሩ ዓይነት ነው፤ ፀሐይ ይወዳል። በቪንካ ስም ይሸጣል እንጂ እርስዎ የፈለጉት እውነተኛው ቪንካ ሌላ ነው» አለችኝ። አንድ ጊዜ አይታ! ከዚያ አጥሯ ሥር ጥላ ውስጥ ወደተነጠፈ አረንጓዴ ወሰደችኝና አንዱን ሐረግ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ አነሳችው። አንጓው አፈር በነካበት ቦታ ሁሉ ነጫጭ ሥር አውጥቷል። «አፈርዎን የሚይዝልዎት ይህ ነው» አለችና ሐረጉን መልሳ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

እኔ ወዲያው የ60 ችግኝ ገንዘብ አወጣሁ። እጄን መለሰችው። «ጋሼ፣ አሁን አልሸጥልዎትም። ዝናብ ሳይገባ ከተከሉት ይደርቅብዎታል። ሰኔ ላይ እደውልልዎታለሁ።»

እውነት ለመናገር አላመንኳትም። ስንቱ «እደውላለሁ» ብሎኝ ቀርቷል! እሷ ግን ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደወለች። ቅዳሜ ራሷ መጥታ ከረዳቷ ጋር ሁለት ሁለት ስንዝር እያራራቀች ተከለችልኝ። ከአፈሩ ጋር ምን እንደቀላቀለች አላውቅም፤ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ብቻ አይቻለሁ። የተክሉን ክፉ ጠባይ ሳይቀር የነገረችኝ ሻጭም እሷ ብቻ ናት፦ በመጀመሪያው ዓመት የተኛ ይመስላል፣ እስኪገጥም ድረስ አረሙን በእጅ መንቀል ያስፈልጋል፣ መርዛማ ስለሆነ ልጆችና ፍየሎች እንዳያኝኩት፣ ዳር ዳሩን ካልቆረጡት ደግሞ ጎመኑ መደብ ውስጥ ይገባል።

እንዳለችው ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ተኛ፤ በሁለተኛው ክረምት ገጠመ። ዛሬ ከወይራው ሥር አፈር አይታይም። ደጃፋችን ላይ የሚቆለል ደለልም የለም። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቅጠሉ ግን በኅዳርም በታኅሣሥም አረንጓዴ ነው። አበባው አምስት ቅጠል አለው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ስለሚል የሚዞር ይመስላል፤ ሰማያዊነቱ ወደ ሐምራዊ ያደላል። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና በከዘራዋ ጫፍ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ እያደረገች ትቆጥረዋለች። ዛሬ ጠዋት «23 ነው» አለችኝ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እጅሽ ይባረክ። ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እንደ እኔ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ሳታባክኑ ወደ እሷ ሂዱ። ለጥላ ቦታ፣ ለተዳፋት ቦታ፣ እሷን ጠይቋት። ግንቦት ሳያልቅ ደውሉላት፤ ሰኔ ከገባ ችግኙ ቶሎ ያልቅባታል። እኔ ለአጥሩ ሥር 20 አስይዣለሁ።