ይሄን ባይፖድ ጠረጴዛ ላይ አይታችሁ እንዳትገዙት

ጓዶች አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ኦንላይን "አሉሚኒየም፣ ከ6 እስከ 9 ኢንች፣ ለማንኛውም ጠመንጃ ይሆናል" እየተባለ የሚሸጥ ሃሪስ የሚባለው ብራንድ ቅጂ ባይፖድ (ጠመንጃ የሚቆምበት ባለሁለት እግር ድጋፍ) ገዝቼ ብሬ ቀልጧል። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ነገ በሌላ ስም ስለሚመጣ እቃውን ብታውቁት ይሻላል።

ከካርቶን ሲወጣ ያምራል፣ አልዋሽም። እግሮቹ ቀጭ ብለው ይከፈታሉ፣ ሞላው ጠንካራ ነው፣ ጠመንጃውን ጭኜ ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ በቃ እዛው አምስት ኮከብ ሰጠሁት። በኋላ ነው የሌሎቹን ፎቶ ልብ ብዬ ያየሁት፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ነው ያነሱት፣ አንድም የተኮሰበት ሰው የለም!

ጉዱ የወጣው ተኩስ ቦታ በደረቴ ስተኛ ነው። መጀመሪያ ማሰሪያው። ፒካቲኒ ሬይል ላይ (ጠመንጃው ላይ እቃ የሚታሰርበት ባለጥርስ ሃዲድ) ጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት 5.23 ሚሊሜትር ነው፣ የዚህ እቃ አግዳሚ ብሎን ግን ከዛ በጣም ስለሚቀጥን ክፍተቱ ውስጥ ይንሸራተታል። በእጅ ስትነኩት አይታወቅም፣ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደኋላ ሲመታ ግን በየጥይቱ ትንሽ ትንሽ ቦታውን ይለቃል፣ እኔ ደሞ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ስኮፑን (ማነጣጠሪያ መነጽሩን) ስነካካ ስንት ጥይት ጨረስኩ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ማዘንበያው ነው። መሬት ሁሌ ለጥ ያለ ስላልሆነ ባይፖዱ ግራ ቀኝ ማዘንበል መቻሉ ጥሩ ነው፣ ሃሪስም ኤስ የሚባሉት ሞዴሎቹ እንደዛ ናቸው፣ ግን ባስተካከልክበት ቦታ ማጥበቅ መቻል አለብህ። የዚህኛው ማጥበቂያ እስከመጨረሻው ብታዞረውም በስኮፑ ክብደት ብቻ ቀስ እያለ ይጋደማል። "ትንሽ ቢያዘነብል ምን አለበት" የሚል ካለ፣ ቅርብ ላይ ምንም የለበትም። ሩቅ ላይ ግን ጥይቱ ስለሚወርድ ከፍ አርገህ ነው የምታስተካክለው፣ ያ ማስተካከያ 1 ሜትር ከሆነ 5 ዲግሪ ማዘንበል ብቻ 9 ሳንቲሜትር አካባቢ ወደ ጎን ይወስድብሃል። ንፋስ ነው እያልክ ትከራከራለህ ከዛ።

እግሩ ደሞ ወደ ሰላሳኛው ጥይት ላይ ቁጭ አለ። ቁመቱን የሚይዘው ጥርስ ተልጦ ነው፣ ውስጡ ሻካራ ግራጫ፣ ቀልጦ የተፈሰሰ ዚንክ ይመስላል። ክብደቱ መጀመሪያም ሊነግረኝ ይገባ ነበር፣ ዚንክ ከአሉሚኒየም ከእጥፍ በላይ ይከብዳል እኮ፣ እኔ ሞኙ "ከበድ ያለ እቃ ጥሩ ነው" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የእግሩ ጫፍ ጎማ የተባለውም ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ የማንንም ባይፖድ ስትገዙ፣ ካዝናውን አውጡ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በአይናችሁም በጣታችሁም እዩ፣ ከዛ መሬት ላይ ተኝታችሁ በትከሻችሁ ወደፊት ገፋ አርጉት። ጥሩው እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይቋቋማችኋል፣ መጥፎው እዛው ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰደፉን ግራ ቀኝ ነቅነቅ እያደረጋችሁ የስኮፑን መስቀል ተመልከቱ፣ ስትለቁት ወደነበረበት ካልተመለሰ በቃ መልሱት። እግሮቹን እስከመጨረሻው አስረዝማችሁም ከላይ ተጫኑት፣ ሲያጥር ጠንካራ ሆኖ ሲረዝም የሚወዛወዝ ብዙ ነው። አፈሙዙ ላይ በቀጥታ የሚታሰረውን አይነት ግን ሙከራም አያስፈልገውም፣ የአፈሙዙን ንዝረት ስለሚቀይረው ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል፣ እለፉት።

ይሄን ሁሉ ከመተኮሳችሁ በፊት ማድረግ አለባችሁ ምክንያቱም እኔ ልመልስ ስል ሻጩ "የባሩድ ሽታ አለው፣ ተጠቅመህበታል" ብሎ አልቀበልም አለ። ባይፖድ ካልተተኮሰበት በምን ሊታወቅ ነው ብለውም መልስ የለም። አሁን በአሸዋ ከረጢት ነው የምተኩሰው፣ እውነት ለመናገር ከሱ መቶ እጅ ይሻላል።

ያንን አምስት ኮከብ ደሞ ላጠፋው ስገባ ጊዜው አልፏል ብሎ አላስነካኝም። ከኮከቦቹ መሃል "በጣም አሪፍ፣ ጠንካራ፣ ቶሎ ደረሰልኝ" የሚለው የኔ ነው፣ እንዳታምኑት።