እየበላች ለምትከሳ አሮጊት ድመት፦ ኪኒን፣ ልዩ ምግብ፣ ቀዶ ጥገና ወይስ ጨረር?

ውሮ 13 ዓመቷ ነው። ጠዋት ትበላለች፣ ሳይቆይ ደግሞ ትለምናለች። ያም ሆኖ የጀርባ አጥንቷ በእጅ ይቆጠራል። ሌሊት ተነስታ ትጮኻለች። እናቴ «ኮሶ ነው» አለች። የትል መድኃኒት ሰጠናት፣ ለውጥ የለም። ኋላ ሐኪሙ አንገቷን ዳበሰና እብጠት አገኘ። የታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ እየሠራ ነበር። ይህ በሽታ በአብዛኛው 10 ዓመት ያለፋቸውን ድመቶች ነው የሚይዘው።

ሕክምናው አራት ዓይነት ነው። ከዚያ በፊት ግን የላብራቶሪውን ወረቀት እንይ። የውሮ ደም የታየው በሰው ላብራቶሪ ነው። ቶታል ቲ4 (በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን መጠን) ውጤቷ 8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ሆኖ «ኖርማል» ተብሎ መጣ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ልክ ግን የሰው ነው፣ ከ5 እስከ 12 ገደማ። የድመት ከ1 እስከ 4 ገደማ ነው። ሐኪሙ ባያስተውል ኖሮ ደህና ናት ብለን ዝም ብለን ነበር። ወረቀቱን ለእንስሳት ሐኪም ሳታሳዩ አትመኑት።

ከአራቱ ሕክምናዎች በሐሳብ ደረጃ አንደኛው ጨረር ነው። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን አንዴ በመርፌ ይሰጣል፣ የታመመውን የዕጢ ክፍል ያጠፋል፣ ከ100 ድመት 95 ያህሉ በዚያው ይድናሉ። ግን ጨረሩ ከሰውነቷ እስኪቀንስ ድመቷ ተለይታ መቆየት አለባት። ለዚህ የተሠራ ክፍልና ፈቃድ ያስፈልጋል። ጎንደር ተቀምጠን የምናስበው አይደለም፣ እንለፈው።

ቀዶ ጥገናም ያድናል። አደጋው ማደንዘዣው ነው፣ የእነዚህ ድመቶች ልብ ቀድሞውኑ ይሮጣል። ደግሞም ከታይሮይዱ ጋር ተጣብቀው የካልሲየም መጠንን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነሱ ከተነኩ ካልሲየሟ ይወርድና ትንቀጠቀጣለች። ለቀዶ ጥገና የወሰነ ሰውም ቢሆን ሆርሞኑ እስኪረጋጋ በኪኒን መጀመሩ አይቀርም።

ልዩ ምግቡ አዮዲኑ እጅግ የተቀነሰ ነው። ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ ጥሬ ዕቃውን መንፈግ ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን ድመቷ ሌላ አንዲት ጉርሻ እንኳ መቅመስ የለባትም። የኛ አገር ድመት አይጥ ትይዛለች፣ ጎረቤት ቤት ትገባለች፣ አዮዲን ያለው ጨው የገባበት ትራፊ ትልሳለች። ምግቡም ከውጭ የሚመጣ ነው፣ በተቋረጠ ቁጥር በሽታው ይመለሳል። ከቤት ለማትወጣ ድመትና አቅርቦት ለማይቸግረው ሰው ካልሆነ ገንዘባችሁን አታውጡበት እላለሁ።

ስለዚህ የቀረው ኪኒን ነው፣ ሜቲማዞል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ1.25 እስከ 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ያስጀምራሉ። አያድንም፣ ይቆጣጠራል እንጂ፤ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ፋርማሲው ሜቲማዞል ከሌለው ካርቢማዞል ሊሰጣችሁ ይችላል። እሱም ሰውነት ውስጥ ወደ ሜቲማዞል ይለወጣል፣ ግን እኩል ለእኩል አይተካም፤ 10 ሚሊግራሙ 6 ሚሊግራም ሜቲማዞል ያህል ነው። ፒቲዩ የሚባለውን የሰው መድኃኒት ግን አትቀበሉ። ድመት ላይ ደሟን ክፉኛ ስለሚጎዳ ከተተወ ቆይቷል። ኪኒን በፍጹም ለማትውጥ ድመት ሜቲማዞልን በጆሮ ቅጠል የውስጥ ቆዳ ላይ በሚቀባ መልክ የሚያዘጋጁ አገሮች አሉ፣ የሚቀምምላችሁ ባለሙያ ካገኛችሁ ግልግል ነው። እርጉዝ ሴት ካለች ኪኒኑን በባዶ እጇ አትስበር።

ከኪኒኑ ይልቅ ለምርመራው ገንዘብ አስቀምጡ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲ4 ይደገማል፣ ኩላሊትና የደም ሴሎችም አብረው ይታያሉ። የበዛው ሆርሞን ደምን ወደ ኩላሊት እየገፋ የኩላሊት ድካምን ይሸፍናል። ታይሮይዱ ሲረጋጋ የተደበቀው ይወጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ያኔ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል፣ እናንተ በራሳችሁ አታቁሙት። ካስመለሳት፣ ምግብ ካስጠላት ወይም ፊቷን እስኪደማ ከቧጠጠች ግን የሚቀጥለውን ኪኒን ሳትሰጡ ለሐኪሙ ደውሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው የሚጠየቅ ባለሙያ አይጠፋም።

ክብደቷን የምናውቀው እኔ ይዣት ሚዛን ላይ ወጥቼ፣ ከዚያ ብቻዬን ወጥቼ ልዩነቱን በማስላት ነው። ኪኒኑን በጥሬ ጉበት ውስጥ ካልሆነ አትወስድም። በቅቤ ሞከርን፣ ቅቤውን ልሳ ኪኒኑን ምንጣፍ ላይ ተወችው። ችግሩ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሉካንዳው መዘጋቱ ነው። ስለዚህ ከቅበላ በፊት ጉበት ገዝቼ በትንንሹ ቆርጬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። እናቴ ፍሪዘሩን በከፈተች ቁጥር ታማትባለች።