የውሃ ናሙና ወይስ የሸርጣን ደም?

የማንግሮቭ (በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች) ረግረግ መበከሉን ለማወቅ አንዱ መንገድ የውሃና የጭቃ ናሙና ላብራቶሪ መላክ ነው። እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶች ስንት እንዳሉ በቁጥር ይነግረናል። ችግሩ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው ይቀያየራል። ትናንት የፈሰሰ መርዝ ዛሬ ውሃው ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

ሸርጣን ግን እዚያው ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ይኖራል። ከእግሩ መጋጠሚያ በቀጭን መርፌ ትንሽ ደም ይቀዳል፤ ሸርጣኑም ከነሕይወቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ደሙ መዳብ ስላለበት ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከዚያ የደም ሴሎቹ ላይ ቀይ ማቅለሚያ ይጨመራል። ጤነኛ ሴል ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ የተጎዳው ቶሎ ያፈሰዋል። ጉዳቱን በማይክሮስኮፕ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ልብ ይነካል።

እርግጥ ደሙ ጥፋተኛውን በስም አይጠራም። ሙቀትና የጨው መጠን መለዋወጥም ሴሉን ያስጨንቁታል። እኔ ግን መጀመሪያ ሸርጣኑን፣ ቀጥሎ ላብራቶሪውን እመርጣለሁ።