ሰባት ቋንቋ በአንድ ኪስ፦ አንዲት የመነጋገሪያ መጽሐፍ በመንገድ ላይ ስትፈተን

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። የእጅ ፓምፕም በሶላር የሚሠራም እጠግናለሁ። የዓመቱን ብዙ ጊዜ የማሳልፈው ከአዲስ አበባ ውጪ ነው። አንዱን ወር ቦረና፣ ሌላውን ሲዳማ፣ ከዚያ አፋር። አማርኛ ብቻ ይዤ ነበር ይህን ሁሉ አገር የምዞረው። በየሄድኩበት የሚያስተረጉምልኝ ሰው አይጠፋም። ግን አስተርጓሚው ምሳ ሲሄድ ሥራዬም አብሮ ይቆማል።

አምና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚያዞር መጽሐፍ ሻጭ አንዲት ትንሽ የመነጋገሪያ መጽሐፍ በ250 ብር ገዛሁ። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትገባለች። አማርኛውን በግራ፣ ከዚያ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛን፣ አፋርኛን፣ ሲዳምኛን፣ ወላይትኛንና ጉራጊኛን በተርታ ታስቀምጣለች። ርዕሷንና አዘጋጇን አልጠቅስም። ጉድለቷንም ስለማወራ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልፈለግኩም። ደግሞ የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ገበያ ላይ ብዙ ናቸው፤ ያገላበጥኳቸው ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው።

መጀመሪያ የፈለግኩት «ውሃ» የሚለውን ቃል ነው። ገጹን ስከፍት ደስ አለኝ። በአፋን ኦሮሞ ቢሻን፣ በትግርኛ ማይ፣ በሶማሊኛ ቢዮ፣ በአፋርኛ ሌ፣ በሲዳምኛ ዋ፣ በወላይትኛ ሃታ። ይህን አንድ መስመር በቃሌ ለመያዝ አንድ ምሽት አልፈጀብኝም። ከዚያ በኋላ ከመኪና ወርጄ ቃሉን ስናገር፣ ለምን እንደመጣሁ ሁሉም ይገባዋል። ልጆች እየሮጡ ወደ ጉድጓዱ ይመሩኛል። ለ250 ብር ይህ ብቻ በቂ ነበር ማለት እችላለሁ።

እዚያው ገጽ ላይ «ወንዝ» በአፋን ኦሮሞ «ለገ» እንደሚባል አነበብኩ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ለገዳዲ! ለገጣፎ! ዕድሜዬን ሙሉ የለገዳዲን ግድብ ውሃ ስጠጣ፣ ስሙ ውስጥ ወንዝ እንዳለ አላውቅም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአገሬ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ መሀል አገር አድጌ ከ«አካም» አላለፍኩም። ይህ በጣም ቆጨኝ።

የመጽሐፏ ምርጥ ገጽ ግን የቁጥሮቹ ነው። አንድ እስከ አስር በሁሉም ቋንቋ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ዝም ብሎ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። «ሁለት» በአፋን ኦሮሞ ለመ፣ በሲዳምኛ ላሜ፣ በሶማሊኛ ለበ። «አራት» በአፋን ኦሮሞ አፉር፣ በሶማሊኛ አፈር። «አምስት» በሁለቱም ሸን። «ዘጠኝ» አንዱ ጋ ሰገል፣ ሌላው ጋ ሰጋል። ዘመድ መሆናቸውን ማንም ሳይነግርህ በዓይንህ ታየዋለህ። ወላይትኛ ላይ ስትደርስ መንገዱ ይቀየራል፤ «ሁለት» ናኣ፣ «አስር» ታማ ነው። ሲዳማና ወላይታ ጎረቤት ናቸው፣ ቋንቋቸው ግን ከተለያየ ቤት ነው። ሌላም አለ። አፋር ላይ ውሃ ማለት የሆነው «ሌ» ሲዳማ ስትደርስ ስድስት ቁጥር ነው። አዘጋጁ ይህን ገጽ ብቻ ለብቻ አትሞ ቢሸጠው እገዛው ነበር።

ያቺ ሰገል ቦረና ላይ አገለገለችኝ። ዱብሉቅ አካባቢ ሥራ ነበረን። ሰዎቹ ስለ «ቱላ ሰግለን» ሲያወሩ «ሰግለን»ን ሰማሁና ዘጠኝ የሚል ቃል ውስጡ እንዳለ ገባኝ። ዘጠኙ ቱላዎች ማለታቸው ነው፤ በቦረና የታወቁት ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች። ወንዶች መሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚቆጣጠረው አባ ሄረጋ ይባላል። እኔ የመጣሁት ለፓምፕ ነው፤ ግን ስለ ውሃ አስተዳደር ከእነሱ ብዙ ተማርኩ። ይህን ሁሉ መጽሐፏ አትነግርህም። በሩን ግን ከፈተችልኝ።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ትልቁ ችግር አጻጻፏ ነው። ሁሉንም ቋንቋ በፊደል ብቻ ጽፋ፣ ድምፁ ይርዘም ይጠር፣ ይጥበቅ ይላላ ምንም ምልክት አላደረገችም። እኛ «ገና» የሚለውን ቃል ስናነብ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ማለት ይሁን ከዐረፍተ ነገሩ እናውቃለን፤ ቋንቋው የእኛ ነዋ። እንግዳ ሰው ግን በምን ያውቃል? አፋን ኦሮሞ ላይ ይህ ነገር ትርጉም ይለውጣል። «ባዳ» ላልቶ መጥፎ ነው፤ ጠብቆ ደጋ ነው። «ላፋ» ብላ የጻፈችው ደግሞ ባጭሩ ሲነገር መሬት፣ ጎተት ተደርጎ ሲነገር ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ነው። ያቤሎ አጠገብ አንድ ሽማግሌን ስለ መሬቱ ልጠይቃቸው ፈልጌ ቃሉን እንደተጻፈው አነበብኩት። ፓምፑ ደካማ ነው ያልኩ መሰላቸው። «አይ፣ ጠንካራ ነው፣ ዘንድሮ አንዴም አልቆመም» ብለው በረጅሙ አስረዱኝ። አጠገባችን የነበረ ተማሪ ባይተረጉምልኝ ኖሮ መሬቱን ሳልጠይቅ እመለስ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አጭሩን በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ መጻፍ ይቻላል፤ «ለፈ» እና «ላፋ»። ለጠበቀው ድምፅ ደግሞ አንዲት ነጥብ ከላይ ብታርፍ ይበቃል። «ዸ» የምትባል ፊደልም አለችን። አዘጋጁ ግን እሷን ትቶ በ«ደ» ጽፏል። የመጠጥ ውሃ «ቢሻን ዹጋቲ» ነው እንጂ «ዱጋቲ» አይደለም። ትግርኛው ላይ ይህ ችግር ብዙም የለም፤ ፊደሉ የራሱ ስለሆነ ያ ክፍል ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት አክብሮት ነው። መጽሐፏ «አመሰግናለሁ» ለሚለው «ገለቶሚ» ብቻ ትሰጣለች። ይህ ለእኩያ ነው። ለትልቅ ሰው «ገለቶማ» ይባላል። ሰላምታውም እንዲሁ ነው፤ «አካም ጂርታ» ለጓደኛ፣ «አካም ጂርቱ» ለሽማግሌ። እኛ አንተና አንቱ እንደምንለው ማለት ነው። አንዲት እናት ውሃ ሰጥታኝ «ገለቶሚ» ስላት ልጇ ጠጋ ብሎ «ገለቶማ በላት» አለኝ። እናቲቱ አልተቀየመችም። እኔ ግን አፈርኩ። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ያዘጋጃት መጽሐፍ ይህን እንዴት ትረሳለች?

አፋር ላይ ደግሞ ሰላምታው ራሱ አጠረብኝ። መጽሐፏ «ማሂሴ» ትልና በቀጥታ «ሆቴል የት ነው?» ወደሚለው ታልፋለች። ዱብቲ አካባቢ እንደዚያ አይደረግም። መጀመሪያ ዳጉ አለ። ሰውና ሰው ሲገናኙ ይቆማሉ፤ ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ ወርዷል ወይ፣ ግጦሹስ እያሉ ወሬ ይለዋወጣሉ። የሚነገረውም እውነት መሆን አለበት። ያንን ዘልለህ ስለ ቧንቧ ብትጠይቅ ሰውየውን እንዳላየኸው ይቆጠራል። ከዳጉ በኋላ ግን የትኛው ጉድጓድ ጨው እንደሆነ፣ የትኛው ባለፈው በጋ እንደደረቀ ሳልጠይቅ ነገሩኝ።

ሰሌዳ ማንበብም አታስተምርም። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ነው። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛም በላቲን ይጻፋሉ። አንዱ ጋ ያለው ደንብ ሌላው ጋ አይሠራም። ኤክስ የምትባለዋ ፊደል በቁቤ «ጠ» ናት፣ በሶማሊኛ «ሐ» ናት፣ በአፋርኛ «ዸ» ናት። ሰመራ ስገባ «ቃፋር» ብዬ ያነበብኩት ሰሌዳ «ዐፋር» የሚለው ነበር። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይበቃ ነበር።

ጉራጊኛ የሚለው ክፍልም ግልጽ አይደለም። ቸሃ ነው? ኢኖር? ክስታንኛ? ሶዶ ያደገው የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ «ይህ የኛ አይደለም» አለኝ። ቢያንስ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ መጻፍ ነበረበት።

ሌላው፣ ስለ ሥራ የሚሆን ቃል የላትም። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሆቴል አለ። «ተሰብሯል» የለም። «ደርቋል» የለም። ፓምፑ ከመቆሙ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማ የምታውቀው በየጠዋቱ የምትቀዳው ሴት ናት። አለታ ወንዶ ላይ አንዲት ሴት እጄን ይዛ እጀታውን አስነካችኝ፤ ብዙ ጊዜ ከገፋህ በኋላ ነው የሚመጣው ማለቷ ነበር። ታችኛው ቫልቭ ያፈሳል ማለት ነው። በምልክት ተግባባን፣ ግን ቃሏን ብሰማ ምንኛ በወደድኩ። አሁን ጠርዙ ላይ በእርሳስ እየጻፍኩ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ «ጨቤራ» ተሰብሯል፣ «ጎጌራ» ደርቋል፣ «ሂን ሆጄቱ» አይሠራም።

በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አለ። የቋንቋዎቹ የራሳቸው ስም። አፋን ኦሮሞ፣ አፍ ሶማሊ፣ ዐፋር አፍ፣ ሲዳሙ አፎ። አራቱም ውስጥ አፍ አለ። ወላይትኛም «ዶና» ሲል አፍ ማለቱ ነው። እኛም «አፍ መፍቻ» እንላለን። ይህን ለባልደረቦቼ መኪና ውስጥ አነበብኩላቸው፤ እስከ ሻሸመኔ ስለሱ ስናወራ ሄድን።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ይላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን አስቦ ተናጋሪዎቹን አጠገቡ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ግዟት? አዎ። መንገድ የሚወጣ ሹፌር፣ ነርስ፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ይግዛት፤ ለቁጥሮቹና ለነጠላ ቃላቱ። ዐረፍተ ነገሮቹን ግን ከመናገራችሁ በፊት ለአንድ የቋንቋው ተናጋሪ አንብቡለትና አስተካክሉ። የኔዋ አሁን ከጽሑፉ እርማቱ በዝቷል። የሶማሊኛው ገጽ ላይ ብቻ እስካሁን አንድም ማስታወሻ የለም። በሚቀጥለው ወር ጅግጅጋ ሥራ አለኝ፤ ስመለስ ስለዚያኛው ክፍል ጨምሬ እጽፋለሁ።