ሞተረኞች፣ «ለክረምትም ለበጋም» የሚሏችሁን ጃኬት ገበሩን ሳትገለብጡ እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ላይ ሄልሜት የደረደረ፣ ግድግዳው ላይ የታዋቂ ብራንድ ዓርማ የሰቀለ፣ ቴሌግራም ላይ ዋጋ ስትጠይቁት «በውስጥ መስመር» የሚል። ገንዘብ መቀበያው አጠገብም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፏል።

የፈለግኩት ባለ ሦስት ድርብ ጃኬት ነው። ውጩ ወፍራም ጨርቅ፣ መሃሉ ውሃ የማያስገባ ገበር፣ ውስጡ ደግሞ በዚፕ የሚወልቅ የብርድ ገበር። ለእኔ ይህ ቅንጦት አይደለም። ሥራዬ ከአዳማ አስነስቶ በአሰላና በበቆጂ አድርጎ ባሌ የሚያስገባኝ ነው። አዳማ ላይ ያልባል። ከጎባ ወጥቶ ሳነቴ የደረሰ ሰው ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ሐረና ደንን አቋርጦ ደሎ መና ሲወርድ እንደገና ሙቀት ይቀበለዋል። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ሞተር ላይ ደግሞ ነፋሱ አለ። በአንድ ቀን ገበር እያወለቁ፣ ገበር እየለበሱ መሄድ ግድ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ልጅ የማሳያ አሻንጉሊቱ የለበሰውን አወለቀልኝና ለካሁት። መሃለኛውን ገበር ገልብጬ አየሁ። ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ በሚያብረቀርቅ ቴፕ ተሸፍኗል። ትከሻና ክርኑ ላይ ያለው መከላከያ ጠንካራ ነው፤ የሞተረኛው ምስልና «ኢኤን 1621-1» የሚለው የአውሮፓ ደረጃ ማህተም አለበት። በ18,000 ብር ተስማማን። ልጁ «የኔ ወንድም፣ ይሄ ስንት ሰው የለካው ነው፤ ያልተነካውን ከመጋዘን ላምጣልህ» አለኝ። በላስቲክ የታሸገ ይዞ መጣ። ቀለሙ ያው፣ ደረቱ ላይ ያለው ዓርማ ያው፣ ቁጥሩም ያው። ለበስኩት፣ ልክ ሆነኝ፣ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው «በቫት ከሆነ ዋጋው ይለያል» ብሎ በእጁ የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ።

ከአሰላ እንደወጣሁ ዝናብ ያዘኝ። መጀመሪያ የገባው በእጅጌዬ ነው። ቀጥሎ በደረቴ ዚፕ ወረደና ሆዴ ላይ ተጠራቀመ። የብርድ ገበሩም ውሃውን ጠጥቶ ከበደኝ። በቆጂ ሳልደርስ ጣቶቼ ፍሪሲዮን መጨበጥ አቃታቸው። ከፊቴ የጭነት መኪና በጭጋግ ውስጥ እየመጣ፣ እኔ እጄን ማዘዝ አልቻልኩም። ሰዎች ይህን እንዲያስቡልኝ እፈልጋለሁ። ያታለሉኝ ጫማ ሸጠው አይደለም፤ ሕይወቴን የማምነውን ነገር ሸጠው ነው።

ተመልሼ ስሄድ አሻንጉሊቱ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ቆሟል። ዝም ብዬ የእሱን ዚፕ ከፈትኩና ገበሩን ገለበጥኩት። ቴፑ አለ። የእኔን አጠገቡ ዘረጋሁ። ቴፕ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ ላስቲክ በመርፌ ተሰፍቶ ቀዳዳው ይታያል። ከያዝኩት ሃይላንድ ውሃ በገበሩ እጅጌ ውስጥ አፈሰስኩ። በየመርፌው ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ በስፌቱ መስመር ሁሉ ወጣ፣ መስታወቱም ላይ ተንጣለለ። ልጁ አየው። አንድ ቃል አልተናገረም። የእኔን ጃኬት እጅጌ ያዘና መስታወቱን ጠረገበት። ከዚያ የአሻንጉሊቱን ዚፕ ቀስ ብሎ እስከ አንገቱ ዘጋና «እሱ ለማሳያ ነው» አለኝ።

እሱ ለማሳያ ነው! ዓይኑን በጨው አጥቦ! ማሳያ ማለት የምትሸጠውን የምታሳይበት አይደለም እንዴ?

በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ መጠየቅ እንደሚቻል ይላል ስለው፣ «ሰውዬ፣ እንግዲያውስ አዋጁ ይክፈልህ» አለኝ። ሲሸጥልኝ የኔ ወንድም ነበርኩ። ባለቤቱ ከኋላ ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ሞተር የነዳ ዝናብ ይመታዋል፤ ካልፈለግክ መኪና ግዛ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሁለት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ ነው። ከገንዘቤ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ዝናብ ላይ የምንውለው ሌላ አማራጭ ስለሌለን መሆኑን ያውቃል፤ የሚያተርፈውም ከእኛው ነው።

ቤት ገብቼ የትከሻውን የመከላከያ ኪስ ስከፍተው ከውስጡ የወጣው ለስላሳ ስፖንጅ ነው። ማህተም የለው፣ ቁጥር የለው። ብወድቅ ኖሮ አጥንቴን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ጀርባው ላይ ስፖንጅ ማግኘት በውድ ጃኬትም ያጋጥማል፤ ብዙ ፋብሪካዎች የጀርባውን መከላከያ ለብቻው ነው የሚሸጡት። ትከሻና ክርን ላይ ግን ሰበብ የለውም።

እንግዲህ፣ የለካችሁትን ራሱን ውሰዱ። «አዲስ ላምጣልህ» ካሏችሁ፣ ያመጡትን እዚያው ገበሩን ገልብጡና ቴፑን እዩ፣ መከላከያውን ከኪሱ አውጥታችሁ ማህተሙን ፈልጉ። ደረሰኝ ካልቆረጡ ገንዘብ አታውጡ።

እኔ ቁራጭ ወረቀቴንና ጃኬቱን ይዤ ነገ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ከእንደዚህ ዓይነት ሱቅ ገዝታችሁ ገበራችሁ ቴፕ የሌለው ሆኖ ያገኛችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናመልክት።